ያገለገለ ባለ14 ኮር ዚዮን ወይስ አዲስ አይ3-12100? ከድሬዳዋ የተሰጠ መልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሐረር ላይ የሰርግና የምርቃት ቪዲዮ እንደምታቀናብር፣ በያዝኸው ገንዘብ ወይ ያገለገለ ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ከ64 ጊጋባይት ራም ጋር፣ ወይ አዲስ ኮር አይ3-12100 ከ16 ጊጋባይት ራም ጋር መግዛት እንደምትችል፣ ሻጩም «ዚዮኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል» እንዳለህ ጽፈሃል። እኔም በ2014 ዓ.ም. ክረምት እዚህ ድሬዳዋ ይህንኑ ሥራ እየሠራሁ፣ ይህንኑ ቃል ሰምቼ ዚዮኑን ገዛሁ። ስለዚህ ፕሮሰሰር ምን እንደሆነ ላስረዳህ አልነሣም፤ ገንዘቤ የት እንደቀረ ነው የምነግርህ።

1. ሻጩ የቆጠረልህ ኮር፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩትን ክፍሎች ብቻ ነው። ዚዮኑ 14 ኮርና 28 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር)፣ 35 ሜጋባይት ካሽ ያለው፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከ1,700 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረ የሰርቨር ፕሮሰሰር ነው፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የተሠራው ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ለሚመጣበት ሰርቨር እንጂ አንድ ሰው ተቀምጦ ቪዲዮ ለሚቆርጥበት ጠረጴዛ አይደለም። አንዱ ኮር ቢበዛ 3.3 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፤ ሁሉም ኮሮች ሥራ ሲበዛባቸው ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። አይ3-12100 በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ባለ4 ኮርና ባለ8 ትሬድ ሲሆን እስከ 4.3 ጊጋኸርዝ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ኸርዝ የሚሠራውም ሥራ ከአሮጌው የበለጠ ነው። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሪሚየር ሲከፈት፣ ታይምላይን ላይ ወዲያና ወዲህ ስትል፣ ጽሑፍ ስትጨምር የሚደክመው አንድ ወይም ሁለት ኮር ነው፤ የቀሩት አሥራ ሁለቱ ቁጭ ብለው ያያሉ። ሥራህ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም በፕሮሰሰር ሬንደር ማድረግ ወይም በአንድ ማሽን ላይ በርካታ ቨርቹዋል ማሽኖችን ማስነሣት ቢሆን ኖሮ ያለ ማመንታት ዚዮኑን ውሰድ እልህ ነበር። አንተ ግን እንደ እኔ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምትሠራው።

2. ዚዮኑ ከውስጡ ምስል የሚያወጣ ግራፊክስ የለውም፤ የግራፊክስ ካርድ ዋጋም አብሮ መቆጠር አለበት። እኔ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ጨመርሁበት። ከዚያ በኋላ ካሜራዬን ወደ ሶኒ ኤ7 4 ስለውጥ፣ በኤች.265 (ቪዲዮን አሳንሶ የሚያሽግ ዘዴ ነው) ባለ10 ቢት 4፡2፡2 (የቀለም ዝርዝሩ የበዛ ቀረጻ) የቀረጽሁት ፋይል ታይምላይን ላይ እየተንገጫገጨ አስቸገረኝ፤ ያ ካርድ 4፡2፡2ን አይፈታምና ጭነቱ ሁሉ በዚዮኑ ላይ ወደቀ። አይ3-12100 ውስጥ ያለው ዩኤችዲ 730 ግራፊክስ ግን ኩዊክ ሲንክ በሚባለው ክፍሉ ይህንኑ ፋይል በሃርድዌር ይፈታዋል፤ ብዙ ውድ ካርዶች የማይችሉትን ይህ ርካሽ ፕሮሰሰር ይችላል። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ከቁጥሩ ኋላ የእንግሊዝኛው «ኤፍ» ያለበትን እንዳትገዛ፣ እርሱ ግራፊክስ የለውም፤ ካሜራህም እንደ እኔ ሶኒ ከሆነ ኤክስኤቪሲ ኤችኤስ የሚለውን የቀረጻ ዓይነት ምረጥ፣ ኤክስኤቪሲ ኤስ የሚለው ኤች.264 ስለሆነ በ4፡2፡2 ስትቀርጽበት ኩዊክ ሲንክ አይረዳህም።

3. ራም። ይህንን ከሁሉም በላይ አስተውልልኝ፣ የከሰርሁበት እዚህ ላይ ነው።

ዚዮኑን ስገዛ ያጓጓኝ 64 ጊጋባይቱ ነበር። አራቱን ባለ16 ጊጋባይት ራሞች ለብቻቸው 11,200 ብር ከፈልሁባቸው። ሻጩን «ነገ ማሽን ብቀይር ራሙ ይሆነኛል ወይ?» ብዬ በግልጽ ጠይቄዋለሁ። የመለሰልኝ ቃል ይህ ነው፦ «ራም ራም ነው፤ ሁሉም ዲዲአር4 ነው፤ ነቅለህ ትሰካዋለህ።» አመንሁት።

በግንቦት 2015 ዓ.ም.፣ ሰርግ በሰርግ ላይ በተደራረበበት ሰሞን፣ የድሬዳዋ ሙቀት ሌሊቱንም በማይበርድበት ወቅት፣ የአንድ ሰርግ ፊልም ኤክስፖርት እያደረግሁ ሳለ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣና ማሽኑ ጠፋ። ከፍቼ ሳየው ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ ኃይል የሚመጥነው የማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ክፍል ዙሪያ ቡናማ ሆኗል። ፕሮሰሰሩ ብቻውን እስከ 120 ዋት የሚስብ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ስሙ የማይታወቅ፣ ማቀዝቀዣ ብረቱም የአውራ ጣት ያህል ነበር። ፕሮሰሰሩ በኋላ አዲስ አበባ በጓደኛዬ ማሽን ላይ ተሞክሮ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ የሚቀመጥበት ቦርድ ግን ጠፋ። እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለውን ገበያ ከሱቅ ሱቅ አዳረስሁ፣ ከዚራ ሰፈርም ወረድሁ፣ አዲስ አበባም ስልክ ደወልሁ፤ ያገኘሁት መልስ «ካዘዝህ ይመጣል» የሚል ብቻ ነው። ሙሽሮቹ ፊልሙን የሚጠብቁት ቅዳሜ ነበር። የሰው ላፕቶፕ ተውሼ ሁለት ሌሊት ሳልተኛ ጨርሼ በቀጠሮው ዕለት አስረክቤያለሁ፤ በዚህ ሥራ በቆየሁበት ዘመን አንድም ቀጠሮ አሳልፌ አላውቅም።

ከዚያ አይ3-12100ን ከኤች610 ማዘርቦርድ ጋር አዲስ ገዛሁ። ራም አልገዛሁም፣ 64 ጊጋባይት አለኝ ብዬ። ቦርዱ ሁለት መሰኪያ ብቻ ስላለው ሁለቱን ሰካሁ፤ ልክ ገቡ፣ መቆለፊያውም ቀጭ አለ። ማብሪያውን ስጫን ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አንዱን አወጣሁ፣ ቦታ ቀያየርሁ፣ አራቱንም በየተራ ሞከርሁ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ስታገል አዲሱ ቦርድ ተበላሽቶ የተሸጠልኝ መሰለኝ። በማግሥቱ ቦርዱን ወደገዛሁበት ሱቅ ይዤ ሄድሁ። ልጁ ምንም ሳይናገር የራሱን ራም ሰካበት፤ ወዲያው በራ። ከዚያ የእኔን ራም አንሥቶ ተለጣፊውን አሳየኝ። «2400ቲ» ከሚለው ቀጥሎ ከሰረዙ በኋላ የእንግሊዝኛው «አር» ፊደል አለ። የዴስክቶፕ ራም ላይ እዚያው ቦታ ያለው «ዩ» ነው። «አር» ማለት ሬጂስተርድ፣ ማለትም የሰርቨር ራም ማለት ነው፤ መሐሉ ላይ ለብቻዋ የምትታይ አንዲት ትንሽ ቺፕ አለችው። በዲዲአር4 ሁለቱም በአንድ ዓይነት መሰኪያ ስለሚገቡ ዓይን ያታልላሉ፤ የዴስክቶፕ ቦርድ ግን በሰርቨሩ ራም አይነሣም።

ራሙን ይዤ ወደ መጀመሪያው ሻጭ ሄድሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ስለደረስሁ ሱቁ ተዘግቶ ነበር፤ በዚያ ፀሐይ እስከ አሥር ሰዓት ጠበቅሁት። ሲመጣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ስትወስደው ሠርቷል አልሠራም?» አለኝ። ሠርቷል አልሁ። «እንግዲያው ምን ቀረህ?» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ራሱ የነገረኝን ቃል ሳስታውሰው «ስትገዛ በደንብ መጠየቅ ነበር» አለኝ። ጠይቄ ነበር። ከ11,200 ብሩ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ መልሱ ነው። በዚያው ዕለት ሁለት ባለ8 ጊጋባይት የዴስክቶፕ ራም ሌላ ቦታ ገዝቼ ገባሁ፤ አሁንም የምሠራው በእነርሱ ነው።

ልዘረዝርልህ ያሰብሁት ሌላም ነበር፤ ባጭሩ ልበለው። አይ3-12100 መደበኛ ፍጆታው 60 ዋት፣ ሲበዛም 89 ዋት ነው፤ ተጨማሪ ካርድም አይፈልግም። በዚዮኑ ጊዜ ኤክስፖርት ላይ እያለሁ መብራት ሲሄድ 650 ቪኤ ዩፒኤሴ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ) አንዴ ጮኾ ይጠፋ ነበር፤ አሁን ፕሮጀክቱን ሴቭ አድርጌ በወጉ ለማጥፋት ጊዜ ይሰጠኛል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ያ ዚዮን ደግሞ ዊንዶውስ 11 በይፋ ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ይህን ሁሉ ሰምተህም ዚዮኑን ልውሰድ ካልህ፣ የተገጣጠመውን ትተህ እንደ ኤችፒ ዜድ440 ያለ ከፋብሪካው ሙሉ ሆኖ የወጣ ዎርክስቴሽን ፈልግ። የእርሱም ፓወር ሰፕላይ ግን ከተለመደው መሰኪያ የተለየ ስለሆነ በሌላ እንደማይተካ አውቀህ ግባ።

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ቅዳሜ እንደምትወርድ ጽፈሃል። ከስድስት ሰዓት በፊት ድረስ። ብር ከመቁጠርህ በፊት ራሙን አስወጥተህ ተለጣፊውን በስልክህ በቅርብ አንሣ፤ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ፊደል በግልጽ ይታይ። ፎቶውን እዚሁ ላክልኝ፣ በዚያ ሰዓት ስልኬን ይዤ እጠብቅሃለሁ።