«አባቴን ጉበታቸው ላይ ሊወጓቸው ነው፤ እምቢ እንበል?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ አምስት ሳምንት አለፈው። ሽንታቸው ጠቁሯል፣ ሰውነታቸውን ያሳክካቸዋል። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ሦስት ሳምንት የባህል መድኃኒት ጠጡ። በኋላ ሲቲ ስካን ሲነሱ የሐሞት ቱቦው ተዘግቷል ተባለ። አሁን «በጎናቸው በኩል ጉበታቸውን ወግተን ቱቦ እናስገባ» ይላሉ። ዘመድ ግን «የወፍ በሽታ ያለበት ሰው መርፌ ከነካው አይተርፍም፤ ቱቦ የሚገባውም ተስፋ ሲቆረጥ ነው» ይለናል። ከሐሙስ ጀምሮ ብርድ ብርድ ስለሚላቸው አሞክሳሲሊን ገዝተን እየሰጠናቸው ነው። ምን ይመክሩናል?
ልጃቸው፣ ከደሴ

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ብርድ ብርድ ይላቸዋል ብለዋል። አሁኑኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ሌሊትም ቢሆን፣ ነገ አይበሉ።

የቆመ ሐሞት ውስጥ ጀርም ይራባል። ቢጫነት ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲጨመር፣ ያ ጀርም ወደ ደም እየገባ ሊሆን ይችላል። ብርዱ ድንገት ይመጣል። ሰውየው ሁለት ጋቢ ደርቦም ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ አልጋው ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ላብ ያጠምቀውና ቀለል ይለዋል። ቤተሰቡም «ተሻለው» ብሎ ይተኛል። አልተሻለውም። ወባ ነው ብለው የሚያሳልፉትም አሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ጭራሽ ላያተኩስ ይችላል፤ ምግብ እምቢ ይላል፣ ይቃዣል፣ የልጁን ስም ያምታታል፣ ሽንቱ ይቀንሳል። ይህን ካዩ ሰዓት አይቁጠሩ።

አሞክሳሲሊኑን በተመለከተ ትዕግሥት የለኝም። ክኒን የተዘጋ ቱቦ አይከፍትም። ትኩሳቱን ትንሽ ያበርድና እናንተን ያዘናጋል። አባትዎ የሚያስፈልጋቸው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒትና የሐሞቱ መውጫ ነው። አምስት ሳምንት አልፏል፤ ሌላ ቀን አይጨምሩበት።

አሁን ወደ ፍርሃትዎ ልምጣ፤ ስለ አባት መፍራት ያለ ነው። «ወፍ» የምንለው ቢጫነት አንድ በሽታ አይደለም። በቫይረስ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቃል፣ ምስጋናውን ግን የባህል መድኃኒቱ ይወስዳል። የተዘጋ ቱቦ በራሱ ይከፈታል ብሎ መጠበቅ ግን አይቻልም። የመርፌው ወሬ ውስጥም አንዲት እውነት አለች፦ ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ሰውነት ቫይታሚን ኬ በደንብ አይወስድም፣ ደምም ቶሎ አይረጋም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ መጀመሪያ የደም መርጋት ምርመራ ያያሉ፣ ካስፈለገ ቫይታሚን ኬ ይሰጣሉ። መድማትም ኢንፌክሽንም ሊያጋጥም ይችላል፤ አልደብቅዎትም። ቱቦው እንደተዘጋ መተው ግን የባሰ አደጋ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አባትዎ ይተኛሉ፣ ቀኝ ጎናቸው ይደነዝዛል። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ ቀጭን መርፌ ወደ ሐሞት ቱቦው ያስገባል። ቀለም ሲረጭ የሐሞት መንገዶቹ በኤክስሬይ ስክሪኑ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይታያሉ። በመርፌው ውስጥ ሽቦ፣ በሽቦው ላይ ደግሞ ወደ 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቱቦ ይገባል። ጫፉ ስለሚጠቀለል በቀላሉ አይወጣም። ሆድ አይከፈትም። በአፍ በኩል በካሜራ የሚሠራ ኢአርሲፒ የሚባል መንገድም አለ፤ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። የሐሞት ከረጢታቸው አብጦ ቀዶ ሕክምና ለማይችሉ ሰዎችም ተመሳሳይ ቱቦ ከረጢቱ ውስጥ ይገባል።

ቱቦ ማለት ተስፋ መቁረጥ አይደለም። የዘጋው ጠጠር ከሆነ፣ ጠጠሩ ወጥቶ ቱቦው ይነቀላል። እባጭ ከሆነም ስቴንት (የሐሞት ቱቦውን ከውስጥ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ሊገባ ይችላል፤ ማሳከኩና ቢጫነቱ ይቀንሳል። የቱ እንደሆነ ሐኪሙን በቀጥታ ይጠይቁ።

ቤት ሲመለሱ ከቱቦው የሚወጣው ሐሞት የሚጠራቀምበትን ከረጢት ከወገብ በታች ያንጠልጥሉት። የሚወጣው ሐሞት በቀን ከግማሽ ሊትር ሊበልጥ ስለሚችል አባትዎ ፈሳሽ በደንብ ይጠጡ። ቱቦው ከወጣ ወይም መፍሰሱን ካቆመ በዚያው ቀን ይሂዱ፤ ቀዳዳው ቶሎ ይዘጋል።

ዛሬ ሲሄዱ የሲቲውን ፊልም ይያዙ። አስፕሪን ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ። የጠጡትንም የባህል መድኃኒት አይደብቁ፤ ማንም ቢቆጣዎት ይንገሯቸው።