የአስቤዛ ዝርዝር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ አስቤዛ የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ለማታውቁኝ፦ በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ክበብ ለዓመታት ግዥ ላይ ሠርቻለሁ፤ አሁን ገበያ የምወጣው ለቤቴ ብቻ ነው። የምመልሰው የማውቀውን የአዲስ አበባ ገበያ ይዤ ነው። ዋጋ አልጠራም፣ ዛሬ የጠራሁት ነገ ይለወጣልና። ቁጥር ካነሳሁ ለስሌት ምሳሌ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ደመወዝ እንደወጣ ዝርዝር ጽፌ ነው የምወጣው። ግን ወሩ ሳይገባደድ ዘይት ያልቃል፤ ምስሩ ደግሞ ተርፎ ካለፈው ወር ላይ ይደረባል። ምኑ ላይ ነው ችግሬ?

እህቴ፣ ዝርዝሩን የት ቁጭ ብለሽ ነው የምትጽፊው? ሳሎን ሆነሽ ከሆነ የምትጽፊው ያማረሽን እንጂ የጎደለሽን አይደለም። ጓዳ ግቢና ጣሳውንም ማሰሮውንም እየከፈትሽ ጻፊ። በየመስመሩ ሦስት ነገር ይኑር፦ ያለው፣ ለወር የሚበቃው፣ የሚገዛው። «ምስር ክክ፦ ያለ 1 ኪሎ ተኩል፣ ለወር 2 ኪሎ፣ የሚገዛ ግማሽ ኪሎ።» ምስሩ ከእንግዲህ አይደረብም።

የዘይቱ ነገር ለወር ስንት እንደሚበቃሽ ስላላወቅሽ ነው። ጀሪካኑ ሲከፈት ቀኑን ላዩ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊበት፣ ሲያልቅም እንዲሁ። 5 ሊትሩ ሚያዝያ 3 ተከፍቶ ሚያዝያ 24 ካለቀ 21 ቀን ቆየ ማለት ነው፤ ለ30 ቀን 7 ሊትር ገደማ ትፈልጊያለሽ። ባለ 5 ሊትር አንድ ብቻ እየገዛሽ ወሩ ሳይገባደድ ሱቅ ሮጠሽ በግማሽ ሊትር ስትቀጂ ነው ገንዘብሽ የሚሄደው። ለስኳር፣ ለቡና፣ ለሽሮም ይሄንኑ አድርጊ።

ጥያቄ፦ አንድ ትልቅ ዝርዝር ይዤ ሾላ ገበያ እገባለሁ፤ ግማሹን ረስቼ እመለሳለሁ።

ዝርዝርህ በትዝታ ቅደም ተከተል ስለተጻፈ ነው። በሚገዛበት ቦታ ከፋፍለው፦ እህል ተራ፣ ቅመም፣ አትክልት፣ ሸቀጣ ሸቀጥ፣ ሰፈር ሱቅ። አትክልቱ ውስጥም የሚከብደውን አስቀድም። ድንችና ሽንኩርት ዘምቢሉ ሥር ይገባሉ፣ ቲማቲም መጨረሻ ይገዛል። ቲማቲም መጀመሪያ ገዝቶ ላዩ ላይ 5 ኪሎ ድንች የሚጭን ሰው ቤቱ የሚደርሰው ድልህ ይዞ ነው።

ለ«ሸማቾች»፣ ለሸማቾች ኅብረት ሥራ ሱቅ ማለቴ ነው፣ ደግሞ ለብቻው መስመር ይኑርህ። ዘይትና ስኳር በሸማቾች ሲመጣ ይገዛል፣ ካልመጣ ወሩን ሙሉ እየጠበቁ ቤትን ባዶ ማድረግ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ለአትክልት ኃይሌ ጋርመንት ድረስ መሄድ ያዋጣል? የሰፈራችን ጉሊት ውድ ነው።

አትክልት ተራ ፒያሳ እያለ ለመሀል ከተማ ሰው ጥያቄም አልነበረም። ከ2012 ወዲህ ግን መጀመሪያ ጃንሜዳ፣ ከዚያ ኃይሌ ጋርመንት ስለሄደ ሂሳቡን የሚወስነው የምትነሺበት ቦታ ነው። በኪሎ የ15 ብር ልዩነት ቢኖር 4 ኪሎ ሽንኩርት የሚያተርፍልሽ 60 ብር ነው። የታክሲ ደርሶ መልስ ከዚያ ከበለጠ ትርፉን ረዳቱ ወሰደው። ጎረቤት ለሦስት ተስማምታችሁ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አምጥታችሁ ብትከፋፈሉ ግን ያዋጣል። ቅርብሽ የእሁድ ገበያ ካለ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ተይው።

ጉሊትን አትናቂ። ደንበኛ የሆንሽባት እናት ምርቃት ትጨምርልሻለች፣ ዛሬ ያልያዝሽውን ብር ነገ ትቀበልሻለች፣ ሲበላሽም ትቀይራለች። በመደብ ስትገዢ ግን አንድ ቀን መደቡን ሚዛን ላይ አስቀምጪውና በኪሎ ስንት እንደሚመጣ እወቂ። መደቡ ላይ ከላይ የሚቀመጠው ያማረው ነው፤ ከሥር ያለውን ንኪው።

ጥያቄ፦ ጤፍና በርበሬን በየወሩ ነው ወይስ በአንዴ መግዛት የሚሻለው? በአንዴ እንዳልገዛ ገንዘቡ የለኝም።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቤት ገንዘብ ዋናው የሚድነው እዚህ ነው። ጤፍ አጨዳው አልቆ አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ረከስ ይላል፤ ክረምት ላይ ይወደዳል። ጤፍ ደግሞ ነቀዝ የማይደፍረው እህል ነው፣ ደረቅ ቦታ ከመሬት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ዓመቱን ይቆያል። ዱቄቱ ግን እንደዚያ አይደለም፣ የወሩን ብቻ ወፍጮ ቤት ውሰጂ። ሽምብራና አተር ነቀዝ ስለሚወዳቸው ሽሮውን ክፉኛ አታብዢው። ስትገዢ ጤፉን በመዳፍሽ አሸት አሸት አድርገሽ እፍ በዪው፤ መዳፍሽ ላይ የቀረውን አፈር እያየሽ ተደራደሪ። ማኛ ነው ወይስ ሰርገኛ የሚለውን ዝርዝሩ ላይ ጻፊ፣ ካልጻፍሽ ሻጩ ይወስንልሻል።

በርበሬ ከኅዳር ጀምሮ ነው በደንብ የሚገባው፣ የማረቆና የአላባ ዛላ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት በርበሬ አንድ መስመር መስሏቸው ነው። ዝርዝሩ ዛላውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ ጨውንና የወፍጮውን ጭምር መያዝ አለበት። 10 ኪሎ ዛላ ሲቀነጠስ ጭራው፣ የነጣው፣ የሻገተው ይወጣል፤ ዱቄቱ 10 ኪሎ አይሆንም። እርጥበት ያለው ዛላ ሚዛን ያነሳል፣ ቶሎም ይሻግታል፤ ስታነሺው ኮሽ ኮሽ የማይል ዛላ ቢረክስም አትግዢ።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ የዓመቱን ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ ወጪ ደምሪና ለ12 አካፍይ። ያ በየወሩ እቁብ ይጣላል። ዕጣው በሚያዝያ ከወጣልሽ ዳኛውን አነጋግረሽ ታኅሣሥ ወይም ጥር ከደረሰው ሰው ጋር ተቀያየሪ፣ ይሄ በየእቁቡ ያለ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ፣ ከባለቤቴ ጋር ሁለት ብቻ ነን። ጾም ሲመጣና ሲወጣ ወጪያችን ይዘበራረቃል።

አባቴ፣ ዝርዝርዎን በወር ሳይሆን በጾሙ አቆጣጠር ያድርጉት። ረቡዕና ዓርብ ብቻ በወር ስምንት ዘጠኝ ቀን ናቸው፤ ወተትና እንቁላል ለ30 ቀን የሚያሰላ ጾመኛ ቤት አንድ አራተኛውን አላግባብ ይገዛል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ተቃራኒው ነው፣ ያኔ የፍስክ ነገር ይጨምራል።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከመያዣው በፊት ባለው ሳምንት የፍስክ ዝርዝርዎን ይዝጉ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ይበላ። ቅቤ ግን የፋሲካ ዋዜማ አይገዛም። ጾሙ መሀል ላይ ፈላጊው ሲቀንስ ለጋውን ይግዙና አንጥረው በደረቅ ዕቃ ይክደኑት፤ የተነጠረ ቅቤ በቀላሉ አይበላሽም። ለዶሮ ወጡ ሽንኩርትም እንዲሁ አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ደረቁን መርጦ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ 15 ቀን ነው፣ ክረምት ስለሆነ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚወደዱበት ጊዜ ነው፤ ሽሮ፣ ክክና ድንች ላይ ያመዝኑ።

ጥያቄ፦ ወንደላጤ ነኝ። ግማሹ ይበሰብስብኛል።

በኪሎ አትግዛ፣ ለሦስት ቀን ግዛ። ድንችና ሽንኩርት አንድ ላይ አታስቀምጥ፣ ድንቹ ቶሎ ያበቅላል፤ ብርሃን ካገኘው ደግሞ ይመርና አረንጓዴ ይሆናል፣ እንደዚያ የሆነውን አትብላ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ስጋ አታከማች።

ጥያቄ፦ ባለ 5 ሊትር ዘይት ሁሌ ከባለ 1 ሊትሩ ይረክሳል አይደል?

ሁሌ አይደለም። ዋጋውን ለሊትሩ አካፍል፣ ስልክህ ላይ ካልኩሌተር አለ። ደግሞ ላዩ ላይ ያለውን አንብብ፣ ሊትር የመሰለህ 900 ሚሊ ሊትር ሊሆን ይችላል። ሌላም ነገር፦ ዘይት ከውሃ ይቀላል፣ 5 ሊትር ዘይት 4 ኪሎ ከ600 ግራም አካባቢ ነው የሚመዝነው። ሚዛን ላይ ከጀሪካኑ ጋር ከዚያ ካነሰ የጎደለ ነው። ዘይት በኪሎ የሚሸጥልህ ካለም ሊትሩና ኪሎው አንድ እንዳይመስልህ።

ጥያቄ፦ ገበያ የምትወጣው የቤት ሠራተኛችን ናት፣ ማንበብ ይከብዳታል። ዝርዝር እንዴት ልስጣት?

በድምፅ ቀድተሽ ስልኳ ላይ ላኪላት፤ በየቦታው ከፋፍለሽ፣ አጭር አጭር አድርገሽ። ግን ከመላክሽ በፊት እሷን ጠይቂ። ሽንኩርት ትናንት ስንት እንደነበር፣ የቱ ሻጭ ሚዛን እንደሚያጎድል የምታውቀው እሷ ናት። መልስ የሚመጣውን ብር እንደ ሌባ አትቁጠሪባት፤ ሁለታችሁ አብራችሁ ደብተር ላይ ዋጋ መዝግቡ። ያ ደብተር ከሦስት ወር በኋላ ከየትኛውም ዝርዝር በላይ ይጠቅምሻል፣ ምን መቼ እንደሚወደድ የራስሽ ሰፈር ታሪክ ነውና።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። እዚህስ?

እዚያ ያለሽ ጥቅም መደርደሪያው ላይ ካለው ዋጋ አጠገብ በትንሹ የሚጻፈው የፓውንድ ወይም የአውንስ ዋጋ ነው፤ ትልቁን ትተሽ እሱን አንብቢ። የሐበሻ ሱቅና ትልቁን ሱቅ በሁለት ዝርዝር ለዪ፦ በርበሬ፣ ጤፍ ዱቄት፣ ኮረሪማ ለብቻ። 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት 11 ኪሎ ከ300 ግራም ገደማ ነው፤ እንጀራ የምትጋግሪው አልፎ አልፎ ከሆነ ከጓደኛ ጋር ተካፈዪው።

ጥያቄ፦ ሱቅ በዱቤ መውሰድ ልተው?

ልትተወው ከቻልክ ተወው። ካልቻልክ የራስህ ደብተርም ይኑርህ፣ የባለሱቁ ብቻ አይሁን። ዱቤ የሚሰጥ ሱቅ ላይ ዋጋ አይጠየቅም፣ ውዱ ነገር እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ ወይስ ወረቀት ላይ መጻፍ ይሻላል?

ወረቀቱ ጓዳው በር ላይ ይለጠፍ፣ ያለቀውን ያየ ሰው ሁሉ ይጻፍበት፤ ልጆችም ጭምር። ስትወጡ ፎቶ አንሱት። መርካቶ ከሆነ የምትሄዱት ግን ወረቀቱን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ግርግር ውስጥ ስልክ አውጥቶ «ቀጥሎ ምን ነበር?» ማለት ለሌላ ሰው አስቤዛ መሆን ነው።