መልስ፦ የሻነንና የባርንለንድ ሞዴል ልዩነት
አብሽሪ እህቴ። የሻነንና የባርንለንድ የተግባቦት (ኮሙኒኬሽን) ሞዴል ልዩነት አልገባኝም ብለሻል። ከደሴ መናኸሪያ ልጀምርልሽ።

ረዳቱ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» ይላል። እሱ ላኪ፣ አንቺ ተቀባይ ነሽ። መሀል ላይ የባጃጅ ጥሩንባ ቢጮህ፣ ኖይዝ (መልእክቱን የሚረብሽ ነገር) የሚሉት እሱን ነው። ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 የጻፈው ይህንን ነው። መሐንዲስ ስለነበር ያሳሰበው ምልክቱ ሳይበላሽ መድረሱ እንጂ ትርጉሙ አልነበረም።

አሁን ስለ ዋጋው ተከራከሪው። «እሺ» ይልሻል። የቱ እሺ? ሳብ አድርጎ «እሺ...» ካለ እኮ እምቢ ማለቱ ሊሆን ይችላል! ቃሉ ጥርት ብሎ ደርሷል፤ ትርጉሙ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። የተግባቦት ምሁሩ ዊልበር ሽራም በ1954 ያነሳው የጋራ ልምድ የሚያስፈልግሽ እዚህ ላይ ነው። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ያንን እሺ አምኖ ይሳፈራል።

ባርንለንድ (1970) ደግሞ ላኪና ተቀባይ ብሎ መለየቱን ራሱ አይቀበለውም። ረዳቱ እያወራ አንቺ ፊትሽን ቅጭም ካደረግሽ፣ ያኔውኑ አንቺም እየተናገርሽ ነው። ዋጋው የሚወርደውም በዚያ ነው፣ ከቀናሽ።

ፈተና ላይ ግብረ መልስን (ተቀባዩ ለላኪው የሚመልሰውን ምላሽ) ለሻነን እንዳትሰጪ፤ የሞዴሉ ዋና ሥዕል ላይ የለም። እኔ ነጥብ የጣልኩት እዚያ ላይ ነው።