የአባትሽን ሳህን ወደ መሶቡ መልሺው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ ዛሬ ጠዋት ደግሜ አነበብኩት። የ62 ዓመቱ አባትሽ ባለፈው ሳምንት በባዶ ሆዳቸው ተመርምረው ስኳራቸው 263 ሆኖ እንደተገኘ፣ ሜትፎርሚን የተባለ የስኳር ኪኒን ታዝዞላቸው «ከእንጀራና ከጣፋጭ ይጠንቀቁ» ተብለው ብቻ ወደ ቤት እንደተመለሱ ጽፈሻል። እናትሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ የተቀቀለ አትክልት ለብቻቸው ያቀርቡላቸዋል፤ እሳቸው ግን ማንኪያውን እንኳ አያነሡም። ፍልሰታ እየደረሰ ነው፤ ዘመዱም ማርና የአብሽ ውሃ እየያዘ ይመጣል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ ባሕር ዳር ላይ ስኳር ያለባትን እናቴን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የማስታምም ልጅ ነኝ። የምጽፍልሽ በቤታችን ያየሁትንና ሐኪሞቿ እያረሙኝ የተማርኩትን ነው።

ከሁሉም በፊት ስለዚያ ሳህን ልንገርሽ፤ እኔም የጀመርኩት በዚሁ ስሕተት ነውና። የእናቴ ሕመም በታወቀ ማግስት ጥቅል ጎመንና ካሮት ቀቅዬ፣ ጨውም ዘይትም ነፍጌ፣ በትንሽ ሳህን ለብቻዋ አቀረብኩላት። እኛ አጠገቧ መሶብ ከበን ሽሯችንን እንበላለን። ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየን። አንድ ማታ ሳህኗን በሁለት ጣቷ ወደ እኔ ገፋ አደረገችና «ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው ከመሶቡ የለያችሁኝ?» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታበላና ስታጎርስ የኖረች ሴት ናት፤ ከበሽታው ይልቅ ያ ሳህን ሰበራት። በማግስቱ አልጋዋን ሳነጥፍ ከትራሷ ሥር፣ በነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ የድፎ ዳቦ ቁራሽ አገኘሁ። ስኳሯ ለምን አልወርድ እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ። አባትሽም ማንኪያውን የማያነሡት ምግቡ ስላልጣማቸው ብቻ አይመስለኝም። በእርግጥ ሜትፎርሚን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድ ያውካል፣ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል። መድኃኒቱን በባዶ ሆድ ሳይሆን ከምግብ ጋር እየወሰዱ መሆኑን አረጋግጪ፤ እንዲያም ሆኖ ካልተሻላቸው በራሳቸው ከማቋረጥ ይልቅ ለሐኪማቸው ይንገሩ።

ከዚያ በኋላ የቀየርነው የእናቴን ሳህን ሳይሆን የቤቱን ገበታ ነው። እንጀራ ከሥር አንጥፎ ወጥ ማፍሰሱን ተውነው። እንጀራ ተነጥፎ፣ ወጥ ፈስሶበት፣ ዙሪያውን ደግሞ ሌላ ጥቅል ሲደረደርበት ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። አሁን ወጡ በየሳህኑ ሆኖ መሃል ይቀመጣል፤ እንጀራው ተጠቅልሎ በየሰዉ ፊት ይቀርባል። የእናቴ ድርሻ ግማሽ እንጀራ ነው፤ ወንድሜ ሁለትም ቢበላ የራሱ ጉዳይ ነው። የሚበላው ግን ያንኑ ወጥ፣ ከዚያው መሶብ ነው። ለእናቴ ከምግቡ እኩሌታው ጎመን፣ ፎሶልያ ወይም ሰላጣ እንዲሆን፣ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ ዓሣ ወይም እንቁላል፣ የቀረው ሩብ ብቻ እንጀራ እንዲሆን እናደርጋለን። ድንች የተሠራ ቀን ከእንጀራው ይቀነሳል እንጂ ከጎመኑ አይቀነስም፤ ድንችን ከአትክልት ቆጥሮ መሳሳት በየቤቱ አለ። አንዲት ሐኪም ያስተማረችን ሌላም ነገር አለ። እናቴ መጀመሪያ ጎመኑንና ምስሩን በማንኪያ ጥቂት ትቀምሳለች፣ ከዚያ ወደ እንጀራው ትሄዳለች። ያው ምግብ በያው መጠን ሆኖ ቅደም ተከተሉ ብቻ ሲቀየር ስኳሩ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።

አሁን ወደ እንጀራው ራሱ ልምጣ። እናቴ ግማሽ እንጀራ ብቻ እየበላች ከምግብ በኋላ ስኳሯ 240 እና 250 ይሆን ነበር። ደብቃ የበላች መስሎኝ ተቆጥቻታለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንድ ቀን ምሳ ከበላች ጀምሮ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአጠገቧ ሳልነሣ ተቀመጥኩና ለካኋት፤ 246 ሆነ። ከዓይኔ አልተለየችም፤ አንዳች ነገር አልቀመሰችም። በዚያን ሰሞን እንጀራ የምንገዛው ከአንዲት ጋጋሪ ነበር፤ ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ ዓይኑ ያማረ እንጀራ። ሄጄ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ ምንም ሳትደብቅ «ጤፉ ተወደደብኝ፣ እኩል በእኩል ሩዝ ነው የምቀላቅለው» አለችኝ።

አንቺም እንደምታውቂው ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ወረታ ስትደርሺ የፎገራ ሜዳ ሩዝ ነው። ያ ሩዝ ወደ ከተማችን ይመጣል፤ በየቤቱም ከጤፍ ጋር እየተፈጨ እንጀራ ይሆናል። እንጀራውን ያነጣዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ለኪስም ይቀልላል፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ፋይበሩ ከገለባው ጋር ስለሄደ ቶሎ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ቀይ ጤፍና ዳጉሳ ገዛሁ፤ ሁለት እጅ ጤፍ፣ አንድ እጅ ዳጉሳ አስፈጭቼ ከቤት መጋገር ጀመርን። እንጀራው ጠቆረ፤ ወንድሜም ጥቂት ቀናት አጉረመረመ። በያው ሽሮ፣ በያው ግማሽ እንጀራ፣ በያው የምሳ ሰዓት ለካኋት፤ 171 ሆነ። ይህን ስልሽ ጤፍ ስኳር አይጨምርም ማለቴ አይደለም። «ጤፍ እስከ ሆነ ድረስ የፈለጉትን ያህል ይብሉ» የሚልሽን አትስሚ፤ እናቴ በአንድ ግብዣ ሙሉ የጤፍ እንጀራ በልታ ከ200 በላይ ወጥቷል። እንጀራ የምትገዙ ከሆነ ግን ምን እንደተቀላቀለበት ሳትጠይቂ አትግዢ።

ይህን ሁሉ የነገረኝ በቤት የምንይዘው የስኳር መለኪያ ነው። የደም ጠብታ የሚነካበት የመለኪያው ስትሪፕ ዋጋው ቀላል ስላልሆነ እንዲሁ ደስ ባለሽ ሰዓት አትለኪ። በአንድ ቀን አንድ ምግብ ምረጪ። ሊበሉ ሲሉ ለኪ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከጎረሱ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ለኪ። ምን እንደበሉ፣ ስንት እንደነበረ፣ ስንት እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፊ። ለአብዛኛው አዋቂ ሕመምተኛ የሚነገረው ግብ ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው፤ የአባትሽን ግብ ግን ሐኪማቸው ይንገራቸው፤ እንደ ዕድሜና እንደ ሌላ ሕመም ይለያያልና። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የትኛው ምግብ እንደሚጎዳቸው ደብተሩ ይነግርሻል። የእናቴ ጠላት የሩዝ እንጀራ ነበር፤ የአባትሽ ምናልባት ጠዋት የሚበሉት ዳቦ ወይም በሻይ የሚጠጡት ስኳር ይሆናል።

ስኳሩን ካነሣሁ ዘንድ የቡናውን ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። እናቴ የዘጌ ልጅ ናት፤ ቡና በደጃፏ እየበቀለ ነው ያደገችው። ቡናን ከእሷ መንጠቅ የማይታሰብ ነው፤ ደግሞም አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የቡናው አይደለምና። አንድ ቀን ከጎኗ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ። አሥራ ሁለት ማንኪያ ሆነ፤ ወደ ሃምሳ ግራም የሚጠጋ ስኳር ነው። ስነግራት አላመነችኝም፤ አሥራ ሁለቱን ማንኪያ በነጭ ሳህን ላይ ሰፍሬ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና «ይህን ሁሉ በአንድ ቀን?» አለች። በአንድ ጊዜ አላስቆምኳትም። በመጀመሪያው ሳምንት በየሲኒው አንድ ማንኪያ፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ ከዚያ በአቦሉ ብቻ ሆነ። ጤና አዳም ጣል ማድረግ በጣም ረድቷታል። በሁለት ወሩ ያለ ስኳር ጠጣች፤ ዛሬ ስኳር የገባበት ቡና ቢሰጣት አትወደውም። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ዳቦና ስኳር የተነሰነሰበት ፈንድሻም ቀርቶ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ሆነ።

ዓሣ እግዚአብሔር ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች የሰጠን ነው። ቆሮሶም ሆነ አምባዛ ስኳር አይጨምርም። ስኳር የሚጨምረው አብሮት የሚበላው ዳቦ ነው፤ በዘይት መዋኘቱም ለልብና ለክብደት አይበጅም። በቤት በቲማቲምና በሽንኩርት ወጥ ሥሩት፣ ወይም በጥቂት ዘይት ጥበሱት። ፍራፍሬም አልተከለከለም። ከዘይቱን (ጓቫ) አንድ ሁለት ፍሬ፣ ከማንጎ ግማሹ፣ አቮካዶ ያለ ስኳር ይበሉ። ጭማቂ ግን ከቤታችሁ ይውጣ፤ አንድ ብርጭቆ የማንጎ ጭማቂ ስንት ማንጎ እንደሚበላ አስቢው።

አሁን ሳልነግርሽ ማለፍ የማልችለውን ላንሣ። እናቴ ከሜትፎርሚን በተጨማሪ ግሊቤንክላሚድ የተባለ ሌላ የስኳር ኪኒን በተጀመረላት ዓመት፣ በፍልሰታ፣ ማንንም ሳታማክር ጠዋት ኪኒኗን በባዶ ሆዷ ውጣ ለቅዳሴ ሄደች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ከግቢው ዛፍ ሥር ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ንግግሯ ተምታታ። ከጎኗ የነበሩት ርኩስ መንፈስ መስሏቸው ጠበል ይረጩባት ጀመር። አንዲት ነርስ ከሰው መሃል ብቅ ብላ «ስኳር አለባቸው እንዴ?» ባትል ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ስኳር በጥብጣ አጠጣቻት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ እናቴ በስሜ ጠራችኝ።

ሜትፎርሚን ብቻውን እንዲህ ያለ ነገር የሚያስከትለው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ለጊዜው አትደንግጪ። ወደፊት ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን ከተጨመረላቸው ግን ቤተሰቡ ሁሉ ይህን ይወቅ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ግራ መጋባት ሲታይ፣ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ሲያሳይ፣ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይቶ መለካት፤ ካልወጣ መድገም፤ ሲወጣ ምግብ ማብላት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። በባዶ ሆድ ጠላም ሆነ አረቄ ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ያንኑ አደጋ ያመጣል።

ስለ ፍልሰታ የጠየቅሽኝን ከዚህ ጋር እመልሳለሁ። የጾሙ ምግብ ለአባትሽ መልካም ነው፤ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ተልባውም የሚፈለጉ ናቸው። የሚያሰጋው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱና ሲፈታ እንጀራ መደራረቡ ነው። ከነሐሴ 1 በፊት ሁለት ሰው ያናግሩ። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ይወስናል፤ የንስሐ አባታቸው ደግሞ ሰዓቱን ይፈቱላቸዋል። የእናቴ የንስሐ አባት «ከሥጋና ከወተት ጹሚ፣ ከሰዓቱ ግን ፈትቼሻለሁ» ሲሏት አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት በልታ መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ሕሊናዋም አይወቅሳትም። ይህን ቃል ከልጅ አትቀበልም ነበር።

ማር ለደም ከስኳር ብዙም አይለይም፤ ያመጡላችሁን አመስግናችሁ ተቀበሉና ለልጆቹ ስጡ። አብሽ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ግን በማር ወይም በስኳር ተበጥብጦ ነው የሚመጣው። ያለ ጣፋጭ መጠጣት ከፈለጉ ለሐኪማቸው ነግረው ይጠጡ፤ የመድኃኒቱን ቦታ ግን አይተካም። ጠበልም እንዲሁ። እናቴ ትጠመቃለች፣ መድኃኒቷንም ትወስዳለች፤ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ተዉ የሚላትን አትሰማም።

ከሁሉም ያስቸገረን ማኅበርና ዝክር ነበር። «በሞቴ» ሲባል እምቢ ማለት ለእሷ ዓይነት ሰው ሞት ነው። ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ ዞሬ አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ አሁን ለእሷ ጎመንና አይብ አስቀድመው ያዘጋጃሉ፣ ጉርሻውም ከጎመኑ ይሆናል። አባትሽም በሽታቸውን ከሰው አይደብቁ፤ የደበቀውን ሰው «ብላ» ይሉታል።

በዚህ ሳምንት የሚደረገው ይህ ነው። እራት ከበሉ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በሰፈራችሁ አብረሻቸው ተራመጂ፤ ስኳሩን ሲያወርድ በመለኪያው ታዪዋለሽ። ማታ ማታ እግራቸውን አጥበሽ በጣቶቻቸው መሃል ቁስል መኖር አለመኖሩን ተመልከቺ። የዓይን ምርመራም ሳይዘገይ ያድርጉ፤ ስኳሩ ሳይታወቅ ስንት ዓመት እንደቆየ አይታወቅምና። የሰባቱን ቀን ቁጥርና የበሉትን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ወደ ሐኪማቸው ይዘሽው ከመሄድሽ በፊት አብረን እናየዋለን።