ታቦቱ ከወጣ በኋላ ጫማ ይወለቃል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም የአምዱ አዘጋጆች። አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ሁለት ልጆቼንና እናቴን ይዤ የካ ተራራ ላይ ያለውን ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ ዋሻ ሚካኤልን፣ ላሳያቸው አስቤ ነበር። ጎረቤቴ ግን «ታቦቱ ከወጣ ቆይቷል፣ አሁን ባዶ ድንጋይ ነው፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን መጠንቀቅ አያስፈልግም» አለችኝ። እውነቷን ነው? ደግሞ አንዱ የአብርሃ ወአጽብሃ ሥራ ነው ይላል፣ ሌላው የላሊበላ ዘመን ነው ይላል። ለልጆቼ የቱን ልንገራቸው?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከጎረቤትሽ ጋር አልስማማም። ያለ ታቦት አይቀደስም፣ እሱ ልክ ነው። የዋሻው አገልግሎትም ወደ ታች፣ ወደ የካ ሚካኤል ከዞረ ቆይቷል። ግን ትውልድ ሲጸልይበት የኖረ ቦታ ቅዳሴው ስለቀረ ብቻ ተራ ድንጋይ አይሆንም፤ የአካባቢው ሰው ዛሬም ሲደርስ ይሳለማል። ስለዚህ ነጠላሽን ያዢ፣ በሩ ላይ ጫማችሁን አውልቁ። ወለሉ ስለሚቀዘቅዝ ለእናትሽ ወፍራም ካልሲ ያዢላቸው። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት እዚያ ያለውን ሰው አስፈቅጂ።

ሁለቱንም ንገሪያቸው፣ ግን ለይተሽ። በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውፊት ወደ አራተኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ አብርሃ ወአጽብሃ ይወስደዋል። አጥኚዎች ደግሞ አብዛኞቹ 12ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ያደርጉታል። የፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ዕድሜ የሚያከራክረው ለምን መሰለሽ? በግንብ ቤት ውስጥ የሚመረመር ኖራ፣ እንጨት፣ ጭቃ ይገኛል። ፍልፍል ላይ ግን ሠሪው ያመጣው ነገር የለም፣ ሥራው ሁሉ መቀነስ ነው፣ የተጠረበው ፍርፋሪም ተጠርጎ ወጥቷል። ስለዚህ አጥኚው የሚቀረው የበሩን፣ የመስኮቱንና የዓምዱን አሠራር ከሌሎቹ ጋር ማስተያየት ነው።

ልጆችሽን ግን ከዘመኑ ይልቅ አሠራሩ ነው የሚገርማቸው። መጀመሪያ ዙሪያውን እንደ ቦይ ይቆፈራል፣ መሃል ላይ አንድ ትልቅ አለት ይቀራል፣ ከዚያ ውስጡ ይፈለፈላል። ጣሪያው መጀመሪያ፣ ወለሉ መጨረሻ! መሮው አንዴ ከሳተ መልሶ መለጠፍ የለም። ይህን ከነገርሻቸው በኋላ ግድግዳው ላይ የመሮ ዱካ እንዲፈልጉ አድርጊያቸው፣ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ የት የት እንደነበሩም ይገምቱ። እንዳይንጠላጠሉና በድንጋይ እንዳይጭሩ ግን አደራ። ቅርስ ማበላሸት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚያስቀጣ ነው። ሕጉ ባይኖርም እንኳ፣ ያን ሁሉ ዘመን የቆየ ግድግዳ ላይ ስሙን የሚቆፍር ሰው ሳስብ በጣም ያመኛል።

መንገዱ ቀላል ነው። ከአራት ኪሎ በቀበና፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጎ ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ያዙና የካ ሚካኤል ጋ ውረዱ። ከዚያ በባህር ዛፉ መሃል ሽቅብ ነው፣ ዳገቱ ይከብዳል። ጫካ ስለሆነ ብቻችሁን አትውጡ፣ ከታች ቦታውን የሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ አስከትሉ፣ ጠዋት ወጥታችሁ ሳይመሽ ውረዱ። ክረምት ላይ በጭራሽ አትሞክሩት፣ ዋሻው ውሃ ያቁራል። ከጥቅምት በኋላ ነው ጥሩው።

እናትሽን ጉልበታቸውን ካመማቸው ግን ዳገቱን ተዪውና እንጦጦ ማርያም ውሰጃቸው፤ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ናት፣ መኪና እስከ ደጇ ይደርሳል፣ ግቢው ውስጥ ሙዚየምም አለ። ፍልፍል ካላየሁ ካሉ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 66 ኪሎ ሜትር ላይ አዳዲ ማርያም አለች። እሷ ዛሬም ይቀደስባታል፣ ስለዚህ በቅዳሴ ሰዓት ለጉብኝት አትድረሱ። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጥሬም ቅርብ ስለሆነ በአንድ ቀን ሁለቱንም አይታችሁ ትመለሳላችሁ።