ሞመንተም የሚጠበቀው ከመቼ እስከ መቼ ነው?

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት ፊዚክስ ለምትማሩ ልጆቼ፦

የግጭት ጥያቄ ሲቀርብላችሁ ቀመር ለመጻፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የየትኞቹን አካላት ሞመንተም (ግዝፈት በፍጥነት ሲባዛ) እንደምትቆጥሩ፣ ከዚያም ከየትኛው ቅጽበት እስከ የትኛው እንደምትቆጥሩ ወስኑ። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ስሌቱ ከብዶት ሳይሆን ሁለተኛውን ስለሚዘለው ነው።

ወደ ጣርማ በር በሚወስደው መንገድ ሜዳው ላይ፣ 3,500 ኪሎግራም የሆነ አይሱዙ ፍሬን ይዞ ቆሟል እንበል። 1,500 ኪሎግራም የሆነች መኪና በሰከንድ 20 ሜትር እየበረረች ከኋላው ትገባለች። ተጣብቀው፣ ጎማቸው ሁሉ ሳይሽከረከር ይንሸራተታሉ፤ የሰበቃው መጠን 0.6 ነው፣ ማለትም የሰበቃው ጉልበት የክብደታቸው 0.6 እጅ ነው። ስንት ሜትር ሄደው ይቆማሉ?

ለግጭቱ ቅጽበት ብቻ ሞመንተምን ተጠቀሙ፤ የሁለቱ ድምር ከግጭቱ በፊትና በኋላ እኩል ነው፦ 1,500 በ20 ሲባዛ 30,000፤ ይህ ለ5,000 ሲካፈል በሰከንድ 6 ሜትር። ከዚያ በኋላ ሰበቃው ሞመንተሙን እየቀነሰው ስለሆነ መንገዱ ሌላ ነው፦ የ6 ካሬ 36፣ ለ2 × 0.6 × 10 ሲካፈል 3 ሜትር (10 የስበት ፍጥነት ጭማሪ ነው)።

በግጭቱ ጊዜ ሰበቃው የት ሄደ? አለ። ከ30,000 ኒውተን (0.6 × 5,000 × 10) አይበልጥም፤ ግጭቱ 0.1 ሰከንድ ቢፈጅ ከሞመንተሙ ቢበዛ 3,000 ይወስዳል፣ ማለትም አንድ አስረኛውን። ስለዚህ 6 ጥሩ ግምት ነው። በመንሸራተቱ ጊዜ ግን ያው ሰበቃ በ1 ሰከንድ 30,000ውን ጠቅላላ ይጨርሰዋል። ልዩነቱ የጉልበቱ ሳይሆን የጊዜው ነው፤ ይህን ደጋግማችሁ አስቡበት።

ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና እየወረዱ ቢሆንስ? የግጭቱ ስሌት ያው ነው፤ ስበት ስለሚያግዛቸው ግን ከ3 ሜትር አልፈው ይሄዳሉ።

ኪነቲክ ኢነርጂን (የእንቅስቃሴ ኢነርጂን፦ ግዝፈት በፍጥነት ካሬ ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል) ሳይቀንስ ግጭቱን እንዳለፈ አድርጋችሁ አትቁጠሩ። ከግጭቱ በፊት 300,000 ጁል ነበር፤ በኋላ 90,000 ብቻ ነው። ቀሪው 210,000 ብረት አጨማዶ፣ ሙቀትና ድምፅ ሆኗል። ይህን የዘነጋ ተማሪ በሰከንድ 11 ሜትር ገደማ ያገኝና 10 ሜትር ይንሸራተታሉ ይላል።

አይሱዙው በሰከንድ 4 ሜትር ፊት ለፊት ቢመጣ ደግሞ የእሱ 14,000 ይቀነሳል እንጂ አይደመርም፦ ቀሪው 16,000፣ ፍጥነቱም 3.2 በመኪናዋ አቅጣጫ። የደመረ ሰው 8.8 ያገኛል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማችሁ ቀስት ሥላችሁ አዎንታዊውን አቅጣጫ ምልክት አድርጉ። በመስቀለኛ መንገድ ከሆነም የምሥራቁንና የሰሜኑን ለየብቻ አስሉ፤ በፓይታጎረስ የምታገናኟቸው መጨረሻ ላይ ነው።