ለገና ታጁራ፦ ከድሬ ለምትነሱ

«ለገና አራት ቀን ይዘን ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ፣ የባሕር ዳር ከተማዋ ታጁራ እንውረድ፤ እንዋኝ፣ አሣ እናጥምድ፣ ምን እንያዝ?» ላልሽው እህታችን፦ ወሩን አውቀሽበታል፣ ቀኑ ግን አነሰ። ሁለቱን መንገድ ይበላዋል፤ ስድስት አድርጉት።

ቪዛ ሳይወጣ ትኬት አትቁረጡ። ባቡሩ የሚነሳው ከከዚራው ለገሃር ሳይሆን ከከተማ ወጣ ካለው ከአዲሱ ጣቢያ ነው። በየቀኑ ስለማይሄድ መጀመሪያ የመመለሻውን ቀን አጣሩ። ጅቡቲ ላይ ነጋድ የሚባለው ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ከዚያ ታጁራ በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ማቋረጥ ወይም በመኪና መዞር ነው። አንዱን መንገድ በመኪና ብታደርጉት ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለውን አሳል ሐይቅንም ታያላችሁ።

የጅቡቲ ገንዘብ ፍራንክ ከዶላር ጋር የተቆራኘ ነው፤ 100 ዶላር 17,700 ፍራንክ ገደማ ነው። ከዚህ ብዙ ዝቅ አድርጎ የሚቆጥርላችሁን ትታችሁ ሂዱ። የእረፍት ቀናቸው ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ በአዘቦቱም ቀን ከቀትር በኋላ ብዙ ሱቅ ይዘጋል።

ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ አሣ ከኅዳር እስከ ጥር ይገኛል፤ ቦታው ግን ታጁራ ሳይሆን ማዶ፣ አርታ ዳርቻ ነው። የሚመጣው ደቃቅ የባሕር ነፍሳት ለመብላት ስለሆነ፣ እሱ ባለበት ውሃው ድፍርስ ነው፤ የፎቶውን ጥራት አትጠብቁ። አይናከስም። በጎኑ ዋኙ፣ አትንኩት፣ ከፊቱ አትግቡ፣ ከጭራውም ራቁ፤ ጭራው ሲወራጭ ሰው ይመታል።

ባዶ እግር ባሕር መግባት የለም። ጥቁሩ እሾሃም ፍጡር እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ከድንጋይ የማይለይ መርዛማ አሣም አለ፤ ከወጋ ቁስሉን ሳትበጡ እግሩን በሚቻል ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ሙቀቱ መርዙን ያዳክመዋል።

ለማጥመድ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ማታውኑ ተስማሙ፤ ዋጋው ነዳጅን ይጨምር እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ተነጋገሩ። ጎህ ሲቀድ ውጡ፤ ረፈድ ሲል ንፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ያስመልሳል። የሕይወት አድን ጃኬቱን በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ። የእጅ ክር ከሆነ ጓንት ያዙ፤ ትልቅ አሣ ሲጎትት ክሩ ጣት ይቆርጣል።

አሣ መብላት ከሆነ ጅቡቲ ከተማ የየመኖቹ ቤት ግቡ፦ ከጀርባው ተሰንጥቆ በርበሬ ተቀብቶ በሸክላ ምድጃ ይጠበሳል፣ ከሰፊ ቂጣ ጋር ይመጣል። ጾሙ ሳይፈታ ከደረሳችሁ፣ የአሣው ክርክር ለእናንተው።

ታጁራ የእስልምና ከተማ ናትና በከተማው ፊት ለፊት በዋና ልብስ አትታዩ። ለመዋኘት ሳብል ብላን የሚባለው ነጭ አሸዋ ይሻላል፤ ሱቅ እዚያ አትጠብቁ፣ ለአንድ ሰው ለቀን 3 ሊትር ውሃ ከታጁራ ይዛችሁ ውጡ።